ከቢጫው ሪባን ወዲህ

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቀን ቀን ሒሳብ እሠራለሁ። በሳምንት አንድ ማታና በአሥራ አምስት ቀን አንድ ቅዳሜ ደግሞ እሳት አደጋ ጣቢያ ተረኛ ነኝ። ይህን የሰማ አበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «መሰላል ትወጫለሽ እንዴ?» ብሎ ነው። አልወጣም። ጉልበቴ የቤቴን ደረጃም እያማረረ ነው የሚወጣው። ቱቦ አልይዝም፤ የሚቃጠል ቤት ውስጥም ገብቼ አላውቅም። እኔ የምቆመው ሰው እንዳያልፍ ከሚዘረጋው ቢጫ ሪባን ወዲህ ነው። ከእሳቱ የሚወጡትን ሰዎች እቀበላለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ አጠጣለሁ፣ እንደ ወራቱ አቀዘቅዛለሁ ወይም አሞቃለሁ።

እዚህ አገር ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እኛ ጣቢያ መኪናውንም ሥራውንም «ካንቲን» እንለዋለን። አደጋው ቦታ ላይ የምንዘረጋው ማረፊያ ደግሞ «ሪሃብ» ይባላል። «ዛሬ ሪሃብ ነኝ» ብዬው የሱስ ማገገሚያ የገባሁ የመሰለው አንድ ዘመዴ አዲስ አበባ እናቴ ጋ ደውሎ «አይዟችሁ፣ ትድናለች» ብሏል።

አሜሪካ ውስጥ ካሉት እሳት አጥፊዎች የሚበዙት ደመወዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የኛ ካውንቲ፣ ሞንትጎመሪ፣ ደመወዝተኛውንም በጎ ፈቃደኛውንም አንድ ላይ ያሠራል። እንደኔ ጉልበቱ ለከዳው ሰውም ቦታ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ወደዚህ ነገር የገባሁት በ2016 (በፈረንጆቹ) ነሐሴ ላይ በሆነው ነገር ነው። ፍላወር ብራንች የሚባለው የአፓርታማ ግቢ ሌሊት በጋዝ ፈንድቶ ሰባት ሰው ሞተ። ሁለቱ ሕፃናት ነበሩ። እኔ የምኖረው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ነበር፤ መስኮቴ ሲንቀጠቀጥ ነው የነቃሁት። ጠዋት ሄጄ ሳይ እሳት አጥፊዎቹ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ጥቀርሻ ነው። አንዲት ሸምገል ያለች ፈረንጅ በረዶ ውስጥ የተነከረ ፎጣ እያወጣች አንገታቸው ላይ ታደርጋለች። ከአንዱ ወደ አንዱ ትሄዳለች፣ ምንም አታወራም። ቤቴ ስመለስ «ይቺስ እኔንም አታቅተኝም» አልኩ።

ከማመልከቻ እስከ መጀመሪያ ጥሪ ስድስት ወር ፈጀብኝ። የወንጀል ምርመራ አለ፣ የጤና ምርመራ አለ፣ የልብና የትንፋሽ ዕርዳታ ሥልጠና አለ። የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ ፌማ፣ በኢንተርኔት በነፃ የሚሰጣቸው ሁለት ትምህርቶችም አሉ፤ ቁጥራቸው 100 እና 700 ነው። አደጋ ቦታ ላይ ማን ማንን እንደሚያዝ የሚያስተምሩ ናቸው። አሰልቺ ናቸው፣ አልዋሽም። ግን የመጀመሪያው ቀን «ማንን ነው የምጠይቀው?» ብሎ ከመደንገጥ ያድናሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

የእሳት አጥፊው ልብስ ሙቀት እንዳይገባ ተብሎ የተሠራ ነው። ችግሩ ሙቀት አያስወጣም። ሰውየው ከሚተነፍስበት የአየር ሲሊንደር ጋር፣ ከነመሣሪያው ከ20 ኪሎ በላይ ተሸክሞ፣ በላብ ተጠምቆ፣ ጣሪያ ሲቦረቡር ልቡ መሮጥ አያቆምም። እዚህ አገር በሥራ ላይ የሚሞተውን እሳት አጥፊ ከምንም በላይ የሚገድለው ነበልባሉ ወይም የሚናደው ጣሪያ እንዳይመስላችሁ። የገዛ ልቡ ነው። አንዳንዱም የሚወድቀው እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ ቤቱ ገብቶ ነው።

ለዚህ ነው ደንብ የወጣው። ኤንኤፍፒኤ የሚባለው የእሳት መከላከያ ማኅበር ያወጣው 1584 ቁጥር ደረጃ አለ፤ አሁን 1580 በሚባለው ውስጥ ተጠቃሏል። ሁለት የ30 ደቂቃ ሲሊንደር፣ ወይም አንድ የ45 ወይም የ60 ደቂቃ ሲሊንደር የጨረሰ ሰው ቢያንስ 20 ደቂቃ ሪሃብ ይቀመጣል። «የ30 ደቂቃ» የሚለው ደግሞ ስሙ ነው። ደረጃ እየወጣ ግድግዳ ለሚያፈርስ ሰው 20 ደቂቃም ላይሞላ ይችላል።

ደንቡ እንዲህ ይላል እንጂ እሳት አጥፊ በገዛ ፈቃዱ አይቀመጥም። ጓደኛው ውስጥ እያለ መቀመጥ ያሳፍረዋል።

የመጀመሪያ ጥሪዬ ሐምሌ ላይ ነበር፤ የሁለት ቤተሰብ ቤት ነው። ወደ 50 ዓመት የሚጠጋ ሰው ሄልሜቱን በእጁ ይዞ አጠገቤ መጣ። በትሕትና «ውሃ ትፈልጋለህ?» አልኩት። «ደህና ነኝ» አለኝ። እኔም ጨዋ ነኝ፣ ወደ ሌላው ዞርኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መኪናው ጎማ አጠገብ በጉልበቱ ወርዶ አየሁት። ፊቱ ነጭ ጨርቅ መስሏል። አምቡላንሶቹ ወሰዱት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ድኖ ተመለሰ፣ እግዜር ይመስገን። እኔ ግን ያን ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም።

ያሠለጠነችኝ ሴትዮ አልተቆጣችኝም። እንዲህ ብቻ አለችኝ፦ «እምቢ ሊባል የሚችል ጥያቄ አትጠይቂ። እጁ ላይ አድርጊለት።»

ያኔ ነው የበራልኝ። ይሄማ የእናቴ ሥራ ነው! በኛ ቤት እንግዳ «በልቻለሁ» ቢል ማን ይሰማዋል? ሦስት ጊዜ «በሞቴ» ሳይባል የሚበላ እንግዳስ አለ? የፈረንጁ «ደህና ነኝ» እና የኛ «ይቅርብኝ» አንድ ናቸው። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ይቀረዋል፣ ግን ማጉረስ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም «ትፈልጋለህ?» ብዬ አላውቅም። «ተቀመጥ። እንካ።» በቃ።

አሁን የምነግራችሁ መጽሐፍ ላይ የማይገኘውን ነው።

የጠርሙሱን ክዳን ቀድማችሁ ላላ አድርጉት። ከእሳት የወጣ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል። ጓንቱ ውስጥ የረጠበው ጣቱ ተሸብሽቦ ይንሸራተታል። አንዱን ወጣት አይቼዋለሁ፦ ክዳኑን ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ አልዞር አለው። እንዳላየሁት መስሎት ጠርሙሱን ቀስ አድርጎ ጉልበቱ ሥር አስቀመጠው። «ክፈቺልኝ» ከሚል በጥም ቢሞት ይመርጣል። አሁን ሁለት ደርዘን ጠርሙስ ክዳኑ ግማሽ ዙር ተላልቶ ነው በረዶ ውስጥ የሚገባው።

ከመጠጡ በፊት ልብሱን። ጃኬቱ ይውለቅ፣ የራስ መሸፈኛው ይውለቅ፣ ሱሪው እስከ ቦት ጫማው ዝቅ ይበል። ከነልብሱ ቀዝቃዛ ውሃ የሚጠጣ ሰው ምድጃ ላይ ተቀምጦ እንደመጠጣት ነው። ከዚያ ክንዱን እስከ ክርኑ ውሃ ውስጥ። መደገፊያው ላይ ውሃ መያዣ ያለው ወንበር አለን። ባይኖርም ሁለት ባልዲ ይበቃል፤ በጋ ላይ ከማራገቢያም ከፎጣም በተሻለ ሲያቀዘቅዝ ያየሁት ይሄንን ነው።

ከምግብ በፊት ደግሞ መጥረግ። ፊት፣ አንገት፣ እጅ፣ በርጥብ መጥረጊያ። ጥቀርሻ ጀግንነት የሚመስላቸው አሮጌዎች አሉ፣ ይስቁብኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2022 (በፈረንጆቹ) የእሳት አጥፊነትን ሥራ ራሱን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ ሲጋራ ያለበት መደብ ውስጥ ማለት ነው። ስለዚህ ይሳቁ። እጁን ላልጠረገ ሰው ሳንድዊች አልሰጥም። አንድ ጊዜ የምስር ሳምቡሳ ይዤ ሄጄ ዘጠና ፍሬ በሩብ ሰዓት አለቀ። በወረቀት ጠቅልዬ ነው የሰጠሁት፤ ወረቀቱን ይይዛሉ፣ ሳምቡሳውን አይነኩትም።

ቡና? በሙቀት ጊዜ አልሰጥም። ይህን የምለው የቡና አገር ልጅ ነኝ፤ እኔንም ያመኛል። ልቡ ገና ሲጋልብ ለነበረ ሰው ግን ቡናም ኢነርጂ ድሪንክም ጥሩ አይደለም።

ክረምት ሌላ ታሪክ ነው። ጥር ላይ ሰውየው ሲወጣ ከላቡ እንፋሎት እየተነሣ፣ ከላይ ልብሱ በረዶ ሠርቶ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ያኔ የሚፈለገው ደረቅ ጓንትና ደረቅ ካልሲ ነው፣ ከሾርባም በፊት። ወንበሮቹ ሥር የሚፈሰው ውሃ በደቂቃ መስታወት ይሆናልና ጨው በትኑ። እኔ ራሴ አንድ ድስት ሙሉ ሾርባ ይዤ ተንሸራትቼ ወድቄበታለሁ። አንድም ሰው አልሳቀም። ሾርባው ያሳዘናቸው ይመስለኛል።

የደም ግፊትና የልብ ምት የሚለካው የአምቡላንስ ባለሙያው ነው። ጣት ላይ በሚቆነጠጥ መሣሪያም ደሙ ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የሚቃጠል ነገር የሚያወጣውን መርዛማ ጋዝ፣ ያያል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ እንደ ሐኪምም አልናገርም። ግን ወንበሩ አጠገብ የምውለው እኔ ነኝ። ሲያወራ የነበረ ሰው ድንገት ዝም ካለ፣ ጥያቄዬን ሁለት ጊዜ ካስደገመኝ፣ በዚያ ሙቀት ላቡ ከደረቀ፣ ሄጄ ባለሙያውን በክንዱ እስባለሁ። አሥር ጊዜ ተሳስቼ አንድ ጊዜ ልክ ብሆን ይበቃኛል።

መኪናውን የት ታቆማላችሁ? ይህ ትንሽ ጥያቄ ይመስላል። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ካንቲኑን አፍንጫውን ወደ እሳቱ አድርጌ ጠባብ መንገድ ውስጥ አስገባሁት። ቅርብ ስለሆንኩ ደስ ብሎኛል። ከኋላዬ ሌላ የውሃ መኪና መጣና በመንገዱ ላይ ቱቦ ዘረጋ። ውሃ የሞላ ቱቦ ላይ መንዳት ትልቅ ነውር ነው፤ ቱቦው ሊፈነዳ፣ ውስጥ ያሉት ሰዎች ያለ ውሃ ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ ታሰርኩ። ከዚያ ነፋሱ ዞረ። ማረፊያ ያልኩት ቦታ ጭስ ጠገበ። የደከሙትን ሰዎች ከነወንበራቸው፣ ከነባልዲያቸው፣ በእግር አንድ መቶ ሜትር ወሰድናቸው። አለቃው ምንም አላለኝም፤ አስተያየቱ ግን አሁንም ትዝ ይለኛል። አሁን ስደርስ መጀመሪያ የማየው ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ቀጥሎ መውጫዬን። አፍንጫው ሁልጊዜ ወደ መውጫው። በቂ ርቀትም ያስፈልጋል፤ ማስኩን ማውለቅ የማይችልበት ቦታ የተቀመጠ ሰው አላረፈም።

አበሻ ለሆናችሁ ደግሞ ማንም የማይተካችሁ አንድ ሥራ አለ፦ ቋንቋ።

አንድ ማታ የአፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ተቃጠለ። ስንደርስ አንዲት ትልቅ እናት ነጠላቸውን እንደለበሱ የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆመው ይጮኻሉ። «ልጄን! ልጄ ውስጥ ነው!» አጠገባቸው ያለ ጎረቤት በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ሕፃን አለ» ብሎ ተርጉሟል። ሦስት ሰው ማስክ እያጠለቀ ነው። አለቃው እኔን በስሜ ጠራኝ።

ቁጭ ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። «እማማ፣ ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሠላሳ አራት።»

«የት ነው የሚተኛው?»

«በሩ ስትገቢ በግራ በኩል።»

«ዛሬ ማታ ሲገባ አይተውታል?»

ዝም አሉ። «ሥራ ሄዶ ነበር። ገብቶ እንደሁ እንጃ። ተኝቼ ነበር።»

ይህን አንድም ሳልጨምር አንድም ሳልቀንስ ለአለቃው ነገርኩት፦ ዕድሜው ሠላሳ አራት፣ በግራ በኩል ያለው ክፍል፣ መግባቱ አልታወቀም። ስልክ ቁጥሩን ከእሳቸው ወሰድን። ሁለቱ ወደ ግራው ክፍል ገቡ፣ አንዱ ይደውላል። በአራተኛው ጥሪ ልጁ አነሣ። አየር ማረፊያ ሥራ ላይ ነው፣ ምንም አያውቅም። የገቡት ወዲያው በሬዲዮ ተጠሩ።

አማርኛ «ልጄ» ሲል የሁለት ወርም፣ የአርባ ዓመትም ሰው ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቀው የቋንቋው ሰው ነው። አልጋ ሥር ሕፃን መፈለግና ትልቅ ሰው መፈለግ ደግሞ ለሚገባው ሰው አንድ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ ከምንም በፊት ዕድሜውን፣ ክፍሉን፣ መጨረሻ የታየበትን ሰዓት ጠይቁ። ሌላም ልለምናችሁ። «አይዞዎት፣ ይወጣል» አትበሉ። እኔ ብዬ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ አልወጣም። «እየፈለጉት ነው፣ እኔ አልሄድም፣ እዚሁ ነኝ» በሉ። እውነቱ እሱ ነው።

እማማን በኋላ ያስጨነቃቸው የግፊት መድኃኒታቸው ነበር። ለአለቃው ነገርኩት። እሳቱ ከጠፋ በኋላ አንዱ ልጅ መሳቢያውን ከነመድኃኒቱ፣ ከነፓስፖርቱ፣ ከነመስቀላቸው ተሸክሞ አወረደው። ለሚያድሩበት ደግሞ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች መጡ። ቤቱ ለተቃጠለበት ቤተሰብ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያግዙት እነሱ ናቸው፤ እዚያም አማርኛ ተናጋሪ ይፈለጋል።

ጥሪው እሳት ያልሆነበትም ብዙ ጊዜ አለ። ቡና ተፈልቶ፣ ከሰሉ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ መስኮት ተዘግቶ። እጣኑ አላርሙን ያስጮኸዋል ብለው አላርሙን የነቀሉትም አሉ። ተቆጥቼ አላውቅም፤ እኔም ነቅዬ አውቃለሁና። አሁን ግን መስኮት ከፍቼ ነው እጣን የማጨሰው። ከሰሉም በረንዳ ላይ አያድርም፣ ቤትም አይገባም፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛሁ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ጭስም የለውም።

ወንድሜ መርካቶ ሱቅ አለው። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሸማ ተራ የተቃጠለ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ በስልክ አብረን አደርን። «እሳት አደጋ መጥቷል፣ መግባት ግን አልቻለም» ይለኛል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሰው ሞልቷል፣ የወጣው ዕቃ ደግሞ ያንኑ መንገድ ዘግቶታል። እሱ ምን ላድርግ ሲለኝ ቱቦ ያዝ አላልኩትም። ከሠፈሩ ልጆች ሁለት ሦስቱን ይዘህ መታጠፊያው ላይ ቁም፣ መኪናውን ምራ፣ የቆሙ መኪኖችን አስነሣ፣ ዕቃ የሚያወጣውን ሰው በአንድ በኩል ብቻ አስቀምጥ አልኩት። ሲሊንደር ጋዝ የት ሱቅ እንዳለ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ለአለቃው ንገሩት። ቱቦ አትርገጡ። ውሃ እስኪጠይቁ አትጠብቁ፣ እጃቸው ላይ አድርጉላቸው። አዲስ አበባ ላይ የእሳት አደጋ ስልኩ 939 ነው። ስትደውሉ የሠፈሩን ስም ብቻ ሳይሆን ሹፌሩ የሚያውቀውን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ባንክ ንገሩ። አንዱ ሰው ደግሞ እዚያ ወጥቶ ይጠብቅ።

ሰው የሞተበት ማታ ብዙ የሚባል ነገር የለም። ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሣት በኛ ጣቢያ ያስባርራል፣ ይገባልም። ከውስጥ የወጣውን ሰው «ምን አየህ?» አልለውም። ወንበሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚቀመጥ እናውቃለን አይደል? እንደሱ ነው። አንዱ አንድ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገር ተቀምጦ ሲነሣ ትከሻዬን በእጁ ነካ አድርጎ ሄደ።

ጣቢያ ስንመለስ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ አሥር ሰዓት ይሆናል። እነሱ ይተኛሉ፣ የኔ ሥራ ገና ነው። የውሃ መያዣዎቹ በሳሙና ይታጠባሉ፣ ተገልብጠው ይደርቃሉ። ወንበሮቹ ጥቀርሻ አላቸው፣ ይጠረጋሉ። ፎጣዎቹ ለብቻ ይታጠባሉ፣ ቤት አይሄዱም። ከዚያ በባትሪ መኪናው ውስጥ ገብቼ እቆጥራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የርጥብ መጥረጊያ ሁለት ፓኬት ጎድሎ ነበር። መጋዘን ሄጄ አመጣሁ፣ አዲስ ሁለት ደርዘን ጠርሙስ አወጣሁ፣ ክዳናቸውን ግማሽ ግማሽ ዙር አላላሁና በረዶ ውስጥ ደረደርኳቸው።